ሳይደርቅ የታሰረ ደንገል

የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን በነጩ ጋወኔ ኪስ አጥፌ ይዤ ሥራ የገባሁት ማክሰኞ ቀን ነበር። ደብዳቤው አራት መስመር ነው። አንደኛው ለዚህ ሥራ ብቁ ሆኜ አልተገኘሁም ይላል። ሁለተኛው ሥራው ለኔ እንዳልተፈጠረ ተረድቻለሁ ይላል። ሦስተኛው ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ ነው። አራተኛው «ስላደረጋችሁልኝ ትብብር ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል። ሦስቱን ከልቤ ነው የጻፍኋቸው፤ አራተኛው ግን ነጭ ውሸት ነበር።

እስከ ምሳ ሰዓት ሠርቼ፣ ደብዳቤውን ለአለቃዬ ሰጥቼ ልወጣ ነበር ሐሳቤ። የአክስቴ ልጅ ገበያ ውስጥ የጫማ ሱቅ አላት። «ነይና አብረን እንሽጥ» ካለችኝ ሰንብታለች። ጫማ ደግሞ ልክ ካልሆነ ይመለሳል፤ ሰው አይሞትበትም።

እናኑ እባላለሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል፣ ስሙ ይቆየን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ ከተቀጠርሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ሥራዬ በአብዛኛው ደም በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ በቀለም አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ለመልቀቅ ያበቃኝ አንድ ቃል ነው፤ ዝቃጭ። ቀለሙ ቀድሞ በማጣሪያ ወረቀት ካልተጣራ በመስታወቱ ላይ ደቃቅ ነጠብጣብ ይጥላል። ያ ነጠብጣብ ላላስተዋለ ሰው ወባ ይመስላል። እኔም አላስተዋልሁም። ከሁለት ሳምንት በፊት ከጢስ ዓባይ የመጡ አንድ ገበሬ ወባ ሳይኖርባቸው «ወባ አለ» ብዬ ጽፌ፣ የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት ሦስት ቀን አስዋጥኋቸው። ሰውየው ትኩሳታቸው አልበርድ ብሎ ተመልሰው ሲመጡ ጉዱ ወጣ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ይስማው ሠላሳ ዓመት በማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሱ ሰው ናቸው። በሠራተኛው ሁሉ ፊት አንድ ማጣሪያ ወረቀት አንሥተው «እናኑ፣ ይኸ ማጣሪያ ወረቀት ይባላል። ተዋወቂው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ባልደረቦቼ «ወይዘሪት ዝቃጭ» ይሉኝ ጀመር። እኔም ቀልዱን እየሳቅሁ ተቀብዬ ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ።

ስለ አባቴም ጥቂት ልበል፤ ያለ እሱ ይህ ታሪክ አይቆምም። አባየ ታንኳ ሠሪ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ከሐይቁ ዳር ደንገል ያጭዳል፣ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ያደርቃል፣ በነዶ በነዶ አድርጎ ያስራል፣ እስሩን ከእስር ጋር ገጥሞ ታንኳ ያደርገዋል። ልጅ ሳለሁ ደንገሉን እያገላበጥሁ የማደርቅ እኔ ነበርሁ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ገና ወዙ ያልወጣውን ከደረቀው ቀላቅዬ ሰጠሁት። ታንኳው ከዳር ብዙም ሳይርቅ ውኃ ጠጥቶ ወረደ። አባየ አልተቆጣም። ከዚያ ወዲያ ግን ደንገል ባየሁ ቁጥር፣ ደረቁንና እርጥቡን ሳልነካው እለያለሁ።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ የአንዲት ወጣት ደም መጣልኝ። በወረቀቱ ላይ ሰሚራ ሰይድ፣ ሃያ አንድ ዓመት፣ ከወረታ፣ ጥርስ ከተነቀለች በኋላ ድዷ መድማት አላቆመም ይላል። ደሙን ቀባሁ፣ አቀለምሁ፣ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጌ በትልቁ ሌንስ ገባሁበት።

የጤነኛ ሰው ደም የሥራ ቦታ ነው። ቀዩ ኦክስጅን ይሸከማል፤ ደቃቁ ደም አርጊ ቁስል ይዘጋል፤ ነጩ ዘብ ይቆማል። ነጩ ሲበስል አስኳሉ ሦስት አራት ቦታ ይቆራረጣል፤ ሥራ የያዘ ሕዋስ መልኩ ያስታውቃል። ሰሚራ ደም ውስጥ ግን ያየሁት ትልልቅ፣ ድብልብል፣ ገና ምንም ያልሆኑ ለጋ ሕዋሳትን ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ቁጭ ብለው ማደግ ሲገባቸው ያለ ጊዜያቸው አደባባይ ወጥተዋል። ደም አርጊው ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል። አንዷን ሕዋስ ወደ መሀል አምጥቼ ሳተኩር፣ ሆዷ ውስጥ ቀያይ ቀጫጭን ዘንጎች አየሁ። አንድ ሁለት አይደሉም። በነዶ በነዶ ተደርገው፣ ጎን ለጎን ተደርድረው ታስረዋል።

«ደንገል» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ምን አልሽ?» አሉ አቶ ይስማው ከወዲያኛው ጠረጴዛ።

«ደንገል የመሰለ ነገር አለ። ይምጡና ይዩልኝ።»

መጡና ለአፍታ ጎንበስ ብለው አዩ። «ቀለሙን ማን አጣራው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው መልሱን ራስሽ ሰጠሽኝ» አሉ። «ዝቃጭ ነው፣ እናኑ። ኢንፌክሽን ሲጠና ለጋ ሕዋስ መውጣቱ ደግሞ ያለ ነው። ደንገልሽን ለአባትሽ ተይለት።»

ሳቅ ሆነ። በውጤት ወረቀቱ ላይ «ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ ይደገም» ብለው ፈርመው ወደ ስብሰባ ሄዱ። ክፉ ሰው አይደሉም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው እንጂ፤ ከገበሬው በኋላ የኔን ነገር ማመን ከብዷቸው ነበር።

ደብዳቤዬ በኪሴ ነው። ዝም ብዬ ምሳ ሰዓትን መጠበቅ እችል ነበር። ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ዝቃጭ በየትም ይወድቃል፤ በሕዋስ ላይም፣ ከሕዋስ ውጭም። ይህ ግን ከሕዋሱ ሆድ ውስጥ ነው፤ ደግሞ ታስሯል። ዝቃጭ መቼ ነዶ ሆኖ ይታሰራል?

ቀለሙን በአዲስ ወረቀት ሁለት ጊዜ አጣራሁት። ከዚያ የራሴን ጣት ወጋሁ። የኔን ደም በአንድ መስታወት፣ የሰሚራን በሌላ መስታወት ቀብቼ ሁለቱንም በአንድ ቀለም፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሳህን አቀለምኋቸው። ዝቃጭ ከሆነ በኔም ደም ይታያል። ያ ሃያ ደቂቃ የዓመት ያህል ረዘመብኝ።

የኔን አየሁ። ጥርት ያለ ነው። የሰሚራን አየሁ። ደንገሉ ከነእስሩ እዚያው ቁጭ ብሏል።

ያን ጊዜ ትምህርት ቤት የተማርሁት ትዝ አለኝ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ሥለው፣ ውስጡን በጭረት ሞልተው «ይህን ያየ ሰው ለነገ አይበል» ብለውን ነበር። የደም ካንሰር ዓይነት ነው። ከሌሎቹ ሁሉ ፈጥኖ የሚገድል፣ ግን መድኃኒቱ ከደረሰ ከሌሎቹ ሁሉ ደኅና የሚድን።

ሁለቱን መስታወቶች ይዤ ወደ ተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል ሮጥሁ። ሰሚራን ያያት ዶክተር አንተነህ ነው፤ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ለኔ ዕድሜ የቀረበ፣ ዘወትር የተጨናነቀ ሐኪም።

«ወረቀቱን አይቼ ፀረ ተሕዋስያን አዝዤ ሸኘኋቸው» አለኝ። «አባትየው ወረታ አድረን ወንዛዬ ፍል ውኃ እወስዳታለሁ ሲሉ ነበር።»

«ይህን እይልኝ» አልሁት።

ክፍሉ ጥግ ባለችው አሮጌ ማይክሮስኮፕ አየ። ሁለተኛውንም አየ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኗል። «ይኸ እኔ የማስበው ከሆነ ደሟ መርጋት አቁሟል። ድዷ ብቻ አይደለም የሚደማው። ጭንቅላቷ ውስጥ ቢፈስስ ማንም አያተርፋትም።»

በወረቀቱ ላይ ወዳለው ስልክ ደወለ። ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ዝግ ነው። በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል።

«እኔ አልጋና ደም ላሰናዳ» አለ። «አንቺ መናኸሪያ ድረሺ።»

በጋወኔ እንደሆንሁ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «ሰው ታሞ ነው?» አለ። «አዎ፣ ግን ሂዱ ብለናቸዋል» አልሁት። ፍጥነት ጨምሮ ነዳው።

የወረታ ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። በመስኮቱ በኩል አንዲት ጠይም ልጅ ሻርፗን ሰብስባ፣ መሐረብ አፏ ላይ ይዛ አየሁ። መሐረቡ ቀልቷል። አጠገቧ ቆብ ያደረጉ፣ ጺማቸው የሸበተ ሰው ተቀምጠዋል። አባቷ ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ የወረታ የጨርቅ ነጋዴ። በሩ ላይ ቆሜ ስሜን፣ ከየት እንደመጣሁ ነገርኋቸው። ውረዱ አልኋቸው።

«ልጄ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ሐኪሙ ሂዱ ብሎናል። ወረቀቱም ኢንፌክሽን ነው ይላል። የማንን ልመን? የወረቀቱን ወይስ ያንቺን?»

«ወረቀቱ ተሳስቷል፣ ሐጂ።»

«ማን ጻፈው?»

«አለቃዬ።»

«አንቺ ከአለቃሽ ትበልጫለሽ?»

ተሳፋሪው «ኧረ እንሂድ» ማለት ጀመረ፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ስለ ደም ካንሰር፣ ስለ ደም መርጋት ብዘረዝር እንደማይሰሙኝ አወቅሁ። እኔም ብሆን አልሰማም ነበር። ታዲያ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣

«ሐጂ፣ በታንኳ ሄደው ያውቃሉ?» አልኋቸው።

አበድሽ እንዴ በሚል ዓይን አዩኝ። «በወጣትነቴ ከዘጌ ቡና በታንኳ አመላልሻለሁ። ምን አገናኘው?»

«አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው። ደንገል ሳይደርቅ ቢታሰር ምን ይሆናል?»

«ይሰምጣላ። ይኸን ማን ያጣዋል?»

«የሰሚራን ደም በዓይኔ አየሁት። ደም ከአጥንት መቅኔ ነው የሚወለድ። ሲወለድ ለጋ ነው፣ ሥራ አያውቅም። እዚያው አድጎ፣ በስሎ፣ አንዱ በሽታ ተከላካይ፣ አንዱ ቁስል ዘጊ ሆኖ ነው የሚወጣ። የሷ ግን አላደገም። ለጋው እንደ ለጋነቱ ወጥቶ ደሟን ሞላው፤ በውስጡም ደንገል የመሰለ እስር አለ። ሳይደርቅ ታስሯል፣ ሐጂ። ቁስሏን የሚዘጋላት የለም። ወረታ ሳትደርስ ብትደማ መንገድ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

ሐጂ ዞረው የልጃቸውን መሐረብ አዩ። ከዚያ እጇን ያዙ።

«ሰሚራ» አሉ፣ «ውረጅ።»

ሆስፒታል ስንደርስ አቶ ይስማው ከስብሰባ ወጥተው ነበር። ሁለቱን መስታወቶች ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። የትኛው የማን እንደሆነ አልነገርኋቸውም። አንዱን አዩ፤ ሌላውን አዩ፤ ደግሞ ተመለሱ። ብዙ ቆዩ።

«ይኸኛው የማን ደም ነው?» አሉ ጥርት ወዳለው እየጠቆሙ።

«የኔ።»

ጣቴ ላይ ያለውን የመርፌ ምልክት አዩት። የፈረሙበትን ወረቀት ቅጂ ከመዝገቡ አውጥተው ሰረዙት፣ አጠገቡ በራሳቸው እጅ አዲሱን ውጤት ጻፉ። ከዚያ ጋወናቸውን አውልቀው ወጡ። ደም ባንክ ሄደው ደም ለመስጠት የመጀመሪያው ተሰላፊ እሳቸው እንደነበሩ የሰማሁት በማግስቱ ነው።

መድኃኒቱ ባሕር ዳር አልነበረም። ያን ሰሞን መንገዱ አያስተማምንም፤ ሰሚራ ደግሞ እንኳን መኪና አውሮፕላንም የምትችል አልነበረችም። ዶክተር አንተነህ አዲስ አበባ ያለ የትምህርት ቤት ጓደኛውን ከሰዓት በኋላ ሙሉ በስልክ ሲያሳድድ ዋለ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ተገኝቷል፣ በጠዋቱ በረራ ይመጣል» አለን። ዋናው ማረጋገጫ የዘር ምርመራ ነው፤ ናሙናው ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል።

«ውጤቱን ብንጠብቅ እሷ አትጠብቀንም» አለኝ ዶክተሩ። «ነገ የምጀምረው አንቺ ያየሽውን ይዤ ነው። እርግጠኛ ነሽ?»

አዎ አልሁ።

ረቡዕ ጠዋት አየር ማረፊያ ሄጄ መድኃኒቱን ከአንዲት መንገደኛ እጅ ተቀበልሁ። ትንሽ ብልቃጥ ናት፤ ውስጧ እንክብሎች አሉ። በሁለት እጄ ይዣት መጣሁ። ሰሚራ በዚያ ሁሉ ሰዓት ፕላዝማና ደም አርጊ ሲሰጣት አድራለች፤ ከወረታ ዘመድ አዝማድ ደርሶ ደም ባንኩን አጨናንቆታል። የመጀመሪያውን እንክብል ስትውጥ አባቷ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ይኸ ምን ያደርገኛል?» አለች ሰሚራ እኔን እያየች። «ካንሰሩን ይገድለዋል?»

«አይገድለውም» አልኋት። «ያሳድገዋል።»

ለማስረዳት ወረቀት ፈልጌ ኪሴን ዳበስሁ። ያገኘሁት የታጠፈ ወረቀት ስለነበር በጀርባው ሣልሁላት። በግራ በኩል አንዲት ክብ ሕዋስ። ከሷ እንደ ጅረት የሚለያዩ መስመሮች፤ በአንዱ ጫፍ ቀይ፣ በአንዱ ነጭ፣ በአንዱ ደም አርጊ። «ሁላችንም በእናታችን ማሕፀን ስንጀምር አንዲት ሕዋስ ነበርን» አልኋት። «እሷ ዓይንም፣ አጥንትም፣ ልብም አይደለችም፤ ግን ሁሉንም መሆን ትችላለች። ትባዛለች፣ ከዚያ እያንዳንዷ ትእዛዝ እየሰማች አንዷ ዓይን፣ አንዷ አጥንት ሆና ትቀራለች። ትእዛዙ የተጻፈበት መጽሐፍ በሁሉም ውስጥ አንድ ነው፤ የሚያነቡት ገጽ ግን ይለያያል። አንቺ መቅኔ ውስጥ ካሉት በአንዷ፣ ሁለት ገጾች ተገንጥለው በስሕተት አንድ ላይ ተሰፍተዋል። ‘እደጊ’ የሚለው ትእዛዝ እዚያ ላይ ተሰናከለ። እንክብሉ ትእዛዙን ጮክ ብሎ ይደግመዋል።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለትሽ ነው።»

ስንት ዓመት ስማር የከበደኝን ነገር እሳቸው በአንድ ተረት ጨረሱት። እንቁላል ውስጥ እግር የለም፤ ላባ የለም፤ ዓይን የለም። ግን ይሄዳል።

«ሥዕሉ ለኔ ይሁን» አለች ሰሚራ፤ አጥፋ ከትራሷ ሥር ከተተችው። የመልቀቂያ ደብዳቤዬ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መልሺልኝ ብል ገልብጣ ታነበዋለች ብዬ ፈራሁና ተውሁት።

በየቀኑ ጠዋት ደሟን እኔ ነበርሁ የምቀባው። በአራተኛው ቀን ድዷ መድማት ቀነሰ። በአምስተኛው፣ እሑድ፣ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። ትኩሳት ያዛት፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ነጭ ሕዋሷ ቁጥሩ አሻቀበ። በማይክሮስኮፕ ስገባ ለጋው ከበፊቱ በዝቶ ደንገሉ በያለበት ተበትኗል። ዶክተር አንተነህ «ማደግ ሲጀምሩ እንዲህ ይጋፋሉ፣ የሚጠበቅ ነው» ብሎ ሌላ መድኃኒት ጨመረላት። ድምፁ ግን እንደ ቃሉ አልነበረም።

ሐጂ ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ብናቆመው አይሻልም? እንክብሉን ሳትውጥ ትተነፍስ ነበር።»

ምን ልበላቸው? ያስወረድኋቸው እኔ ነኝ። ልጅቷ ብትሞት፣ በሽታው ገድሏት ሳይሆን እኔ ገድያት ነው የሚመስላቸው። ለኔም እንደዚያው ነው የሚመስለኝ። «እንታገሥ» አልኋቸው። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ አባየ ዘንድ ሐይቁ ዳር ሄድሁና አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እሱ ስለ ሕዋስ አያውቅም። ሁሉንም ነገርሁት። ሰምቶ ሲያበቃ የተዘረጋውን ደንገል አሳየኝ።

«ሰማሽው?» አለ። በእርግጥም ከፀሐዩ የተነሣ ደንገሉ ጠሽ ጠሽ እያለ ይንጣጣ ነበር። «ሊደርቅ ሲል ነው እንዲህ የሚጮህ። ያን ጊዜ የሚያነሣው ሞኝ ነው።»

ሰሚራ ሰኞ ማታውን ተንፍሳ አደረች። ማክሰኞ ኦክስጅኑ ተነሣላት። ረቡዕ ነርሷን ቀለደችባት፤ «ቀስ በይ፣ ደሜ ትምህርት ላይ ነው» አለቻት።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንደ ልማዴ መስታወቱን አስቀምጬ ዘይት ጠብ አድርጌ ገባሁ። ለጋው ቀንሷል። ደም አርጊዎች እዚህም እዚያም ብቅ ብለዋል። መስታወቱን ቀስ እያልሁ ስገፋ አንዲት ነጭ ሕዋስ ወደ መሀል መጣች። አስኳሏ አራት ቦታ ተቆራርጧል። የበሰለች፣ ሥራዋን የያዘች፣ በማንኛውም ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የምትገኝ ሕዋስ ናት። አለፍኋት። ከዚያ እጄ ቆመ። ወደ ኋላ መለስኋት።

በሆዷ ውስጥ አንዲት ቀይ የደንገል ዘንግ ነበረች።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢዬ እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ። ይህች ሕዋስ የታመመችው ሞታ በምትኳ የተተካች ጤነኛ አይደለችም። ራሷ የታመመችው ናት። ደንገሏ ምስክር ነው። ያቺ አላድግ ያለችው፣ ሰሚራን ልትገድል የነበረችው ሕዋስ፣ እንክብሉን ሰምታ አድጋለች። የድሮ ምልክቷን በሆዷ ይዛ ሥራ ገብታለች።

«አቶ ይስማው» አልሁ። «ይምጡ።»

መጡ። ጎንበስ አሉ። እንደ ገና ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ መነጽራቸውን አውልቀው በጋወናቸው ጠርዝ ጠረጉት።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደም አየሁ» አሉ። «አድጋ ያየኋት ይህችን ብቻ ነው።»

ከዚያ የውጤት መዝገቡን ወደሳቸው ስበው ጻፉ። ያጎነበስሁት ለማንበብ ነው። ከሙያው ቃል ቀጥሎ በአማርኛ «ደንገል የያዘ የበሰለ ሕዋስ፤ ያየችው እናኑ» ይላል። ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ዝቃጭ የሚለኝ አልተገኘም። ዛሬም አዲስ ተመራቂ ሲመጣ አቶ ይስማው ያንን መስታወት አውጥተው ያሳዩና «ይኸ ደንገል ይባላል፣ ተዋወቁት» ይላሉ።

ሐጂን እጃቸውን ይዤ አስገብቼ በማይክሮስኮፑ አሳየኋቸው። አንዱን ዓይን ጨፍነው፣ በሌላው አተኩረው «ደረቀ» አሉ። ያሉት ይህችን ብቻ ነው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ።

የዘር ምርመራው ውጤት በኋላ መጣ፤ ያየሁት ትክክል ነበር። ሰሚራ ጠንከር ስትል አዲስ አበባ ሄዳ የቀረውን ሕክምና ለወራት ተከታተለች። መቅኔዋ ዛሬ ንጹሕ ነው። ይህን ስል ሂዱና ቫይታሚን ግዙ እያልሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። መድኃኒቱ ከቫይታሚን ኤ ወገን ቢሆንም በሐኪም ትእዛዝ፣ ለዚያ ለአንዱ በሽታ ብቻ ነው። ሌላው የደም ካንሰር በዚህ አይታከምም። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው።

ከዚያ በፊት የተበላሸ ነገር መድኃኒቱ ቆርጦ መጣል ነው ብዬ አምን ነበር። ራሴን ጭምር። የተሳሳትሁ ቀን ራሴን ከሥራው ቆርጬ ልጥል ደብዳቤ ጻፍሁ። ያልበሰለ ሁሉ ግን የበሰበሰ አይደለም። አንዳንዱ የሚጠብቀው ትእዛዙ ዳግመኛ፣ ጮክ ተብሎ እንዲነገረው ነው። ይህን ለኔ የነገረችኝ አንዲት ለጋ ሕዋስ ናት። እናንተም ቤት አላድግ ያለ ነገር ካለ፣ ከመጣላችሁ በፊት ትንሽ እዩት።

ባለፈው ዓመት ወረታ ሄጄ ሰሚራ ሱቅ ገባሁ። ዛሬ የአባቷን ሱቅ የምታስተዳድረው እሷ ናት። ከባንኮኒው ጀርባ፣ በመስታወት ተደርጎ፣ ያ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ክቧ ሕዋስ ከነጅረቶቿ።

«ጀርባውን አንብቤዋለሁ» አለችኝ እየሳቀች። «ገና ሆስፒታል ሳለሁ፣ ያኔውኑ።»

አፈርሁ። «ለምን ዝም አልሽ?»

«ብነግርሽ መልሺልኝ ትዪኝ ነበር። ወስደሽ ብትሰጫቸውስ?»

ከግድግዳው አውርዳ ገልብጣ ሰጠችኝ። አራቱን መስመሮች ቆሜ አነበብኋቸው። ሦስቱ ውሸት ሆነው ቆዩኝ። «ስላደረጋችሁልኝ ትብብር ከልብ አመሰግናለሁ» የሚለው ግን እውነት ሆኗል።